የሚያዳምጥ ጆሮ፣ በጥሬ ገንዘብ ብቻ

«ይቅርታ፣ ኢንሹራንስ አንቀበልም።»

ይህችን ዐረፍተ ነገር ባለፈው ጥቅምት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ አምስት ጊዜ ሰማኋት። አምስቱንም ጊዜ የተነገረችኝ በአማርኛ ነው። ደግሞ በሻካራ አማርኛ እንዳይመስላችሁ፤ «እንዴት ዋልክ ወንድሜ፣ እግዜር ያበርታችሁ» በሚል፣ ከልብ በሚመስል፣ ለስላሳ አማርኛ ነው። ከዚያ ዋጋው ይከተላል። አንዷ 150 ዶላር፣ አንዱ 175፣ ሌላዋ 200። ለስንት ጊዜ? ለ50 ደቂቃ። ሰዓት እንኳ አይሞላም። («ጥሬ ገንዘብ» ማለቴ ለአባባል ነው፤ በካርድም ይቀበላሉ። ከደንበኛው ኪስ ይውጣ እንጂ።)

ይህን የምጽፈው ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ከዋሽንግተን ዲሲ ድንበር ተሻግሮ ከሚገኘው፣ ሐበሻ ከሞላበት የሜሪላንድ ከተማ። ስልኩን ስደውል የነበረው ለአክስቴ ነበር። አክስቴ ዲሲ መሐል ከተማ፣ ከምድር በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ተቀምጣ ሒሳብ ትቀበላለች። ልጇን ከቀበረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። እንቅልፍ ካጣች ግን ከዚያም በላይ ሆኗታል፤ ልጁ ታሞ ሳለ ነው የጀመራት። በመጨረሻ ሐኪሟ ዘንድ ሄደች። ዘጠኝ ጥያቄ ያለበት፣ የድብርትን መጠን የሚለኩበት ወረቀት አለ፤ እሱን በስልክ አስተርጓሚ ሞሉላት። ሐኪሙ ነጥቡን ደመረና ቴራፒስት እንዲፈለግላት አዘዘ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ።

«ቁጭ ብለሽ የሆድሽን የምታወሪው፣ ሙያው ማዳመጥ የሆነ ሰው ነው» አልኳት።

«በእንግሊዝኛ?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

አክስቴ ኢንሹራንስ አላት። በየሁለት ሳምንቱ ከደመወዟ ይቆረጣል፤ አንድም ጊዜ ሳይቆረጥ ቀርቶ አያውቅም። የኢንሹራንስ ድርጅቱ ከእኔ ጋር ውል አላቸው የሚላቸውን ቴራፒስቶች ዝርዝር አወጣሁና ተራ በተራ ደወልኩ። ገሚሱ ስልክ አይነሣም። ገሚሱ አዲስ ሰው አልቀበልም ይላል። አንደኛው ቁጥር የጥርስ ሐኪም ቤት ሆኖ ተገኘ። አማርኛ የሚችል አንድም አልነበረም። አማርኛ የሚችሉትን በሌላ መንገድ ስፈልግ ግን አገኘሁ። አሉ። ፎቷቸው ያምራል፣ ፈቃዳቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የሚያውቁትን ያውቃሉ። የሚቀበሉት ግን ከኪስ ብቻ ነው።

በዲሲ ሕግ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 17 ዶላር ከ95 ሳንቲም ሆኖ ነበር። በዚህ ሒሳብ 200 ዶላር ማለት፣ ግብር ሳይቆረጥ፣ የ11 ሰዓት ሥራ ነው። ስለ ሟች ልጅ 50 ደቂቃ ለማውራት 11 ሰዓት በመስተዋት ሣጥን ውስጥ! ያውም በየሳምንቱ።

እንግዲህ ክርክሬን ሳልሸፋፍን ላስቀምጥ። አሜሪካ ውስጥ የራሱን የሕክምና ክፍል የሚከፍት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቴራፒስት ኢንሹራንስ አልቀበልም ቢል፣ ደንበኛው ቅር ይለዋል፤ ይቸገራል፤ ሲደክም ውሎ ሌላ ይፈልጋል። አማርኛ ተናጋሪው ቴራፒስት ይህንኑ ሲል ግን ከተዘጋው በር ኋላ ሌላ በር የለም። ሁለቱ ውሳኔዎች በቃል አንድ ናቸው፤ በሥራቸው ግን ለየቅል ናቸው። ስለዚህ «የቢዝነስ ምርጫዬ ነው» የምትለዋ መልስ ለእኛ ሰው አትበቃም ባይ ነኝ።

«አንተ ደግሞ ስለ ቢዝነስ ምን ታውቃለህ?» ትሉኛላችሁ። ተብያለሁም። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዞ በየመጽሔቱ እየጻፈ የሚኖር ሰው ስለ ቢዝነስ ቢናገር መሳቂያ መሆኑ አይቀርም። ያለችኝ ግን የቅርብ ጓደኛዬ ናት፤ ማስተርሷን ጨርሳ፣ በሌላ ባለሙያ ቁጥጥር ሥር የሚሠራውን ዓመታት ቆጥራ፣ ፈቃዷን አግኝታ፣ አሁን የራሷን ክፍል ልትከፍት ጫፍ ላይ ደርሳለች። አንድ ምሽት ቡና እየጠጣን የሒሳብ ወረቀቷን ዘረጋችልኝ። ሐቁን ልናገር፤ ወረቀቱን አይቼ ዝም አልኩ።

ከአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ጋር ውል ለመግባት የትምህርት ማስረጃዋን፣ ፈቃዷን፣ የሥራ ታሪኳን ሁሉ አስገብታ ወራት መጠበቅ አለባት። ሲፈጥን ሦስት ወር ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው ድርጅቱ ነው። ከቀረቡላት ውሎች አንዱ ለሰዓቷ የሚሰጣት፣ ከኪስ ከምታስከፍለው ግማሽ ጥቂት የሚበልጥ ነበር። ደቂቃውም ይቆጠራል፦ ከ38 እስከ 52 ደቂቃ ከሆነ 90834 የሚባል የክፍያ ቁጥር አለው፤ 53 ከሞላ 90837 ይሆናል፤ ዋጋውም ይለያያል። እንግዲህ በሽተኛው በ52ኛው ደቂቃ እንባውን ከጠረገ አንድ ዋጋ፣ አንድ ደቂቃ ካከለበት ሌላ ዋጋ ማለት ነው። (ይህን ስትነግረኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።) ለእያንዳንዱ ሰው የበሽታ ስም ከነቁጥሩ ካልጻፈች አይከፈላትም። ከፍለው ሲያበቁም ከወራት በኋላ «ማስታወሻሽ ጎደሎ ነው» ብለው ገንዘቡን መልሰው ሊወስዱ ይችላሉ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ይኸኛው ነው፦ የየራሳቸውን ክፍል የከፈቱ ቴራፒስቶች «ክፍያው አነሰን» ብለው በአንድነት ዋጋ እንዳይደራደሩ አንቲትረስት የሚሉት የንግድ ውድድር ሕግ ይከለክላቸዋል። ሚሊዮን ደንበኛ የያዘው ድርጅት ግን እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ይጠብቃቸዋል። ዝሆንና ጉንዳን ለየብቻ ተቀምጠው ይደራደሩ እንደማለት ነው። በዚህ ላይ የክፍል ኪራይ አለ፤ የሙያ ስህተት መድን አለ፤ በራሱ ሥራ የሚተዳደር ሰው ለጡረታና ለሜዲኬር የሚከፍለው 15.3 ከመቶ አለ፤ ለታመመችበትና ላረፈችበት ቀን የሚከፍላት የለም።

«እና እኔ ቅድስት ልሁን ነው የምትለኝ?» አለች።

አይደለም። የኢንሹራንስ ድርጅቶቹን ጥብቅና ልቆምላቸው አልመጣሁም፤ ገንዘብም አይቸግራቸው፣ ጠበቃም አይቸግራቸው። የምጣላው ከሌላ ነገር ጋር ነው። ለቴራፒስቶች «የግል ክሊኒክ አከፋፈት» በክፍያ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ፤ የእኔዋም ጓደኛ ከእነሱ አንዱን ተምራለች። የትምህርቱ ፍሬ ነገር ሲጨመቅ «ዋጋሽን እወቂ፤ ኢንሹራንስ የሚቀበል ራሱን ያረከሰ ነው» የሚል ነው። ጉድ እኮ ነው! የሰው ዋጋና የሰዓት ዋጋ አንድ የሆኑት ከመቼ ወዲህ ነው? ዋጋዬ ይህ ነው ማለት አንድ ነገር ነው፤ መተዳደሪያዬ ነው ብሎ በግልጽ መናገር ደግሞ የተከበረ ነገር ነው። ዋጋን ወደ ክብር፣ ክብርንም ወደ ሕክምና ፍልስፍና መለወጥ ግን ሌላ ነው።

በዚህ ፍልስፍና ውስጥ በብዛት የምሰማው «ኢንሹራንስ ውስጥ የማንገባው የድርጅቶቹን ግፍ ስለምንቃወም ነው» የሚል ነው። ተቃውሞ! አድማ አድማ የሚባለው የተመታበትን ወገን ሲያምመው ነው። እስቲ እድርን አስቡት። ሰውየው በየወሩ እድሩን ይከፍላል። ለቅሶ ሲደርስበት «ድንኳን ተሸካሚዎቹ በእድሩ ክፍያ አንሠራም ብለዋል፤ ከሌላ ሰፈር በገንዘብህ ተከራይ» ይባላል። እድሩ ምን ጎደለበት? ወርኃዊውን ሰብስቧል፣ ድንኳን አልተከለ፣ ገንዘቡ ከሣጥኑ አልወጣ። ተሸካሚዎቹም ከሐዘንተኛው ኪስ የበለጠ አግኝተዋል። የከሰረ ሰው ቢኖር ሁለት ጊዜ የከፈለው ሐዘንተኛ ብቻ ነው።

የአሜሪካው ነገር ከዚህ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ በሴናተር ፖል ዌልስቶንና በሴናተር ፒት ዶሜኒቺ ስም የተሰየመ ሕግ አለ። የአእምሮ ሕክምናን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ለአካል ሕመም ከሚያደርገው የከፋ ገደብ በአእምሮ ሕመም ላይ እንዳያደርግ ያዛል። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ የኦባማ የጤና ሕግ በግለሰቦችና በትናንሽ ድርጅቶች ኢንሹራንስ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና የግድ እንዲካተት አድርጓል። በወረቀት ላይ ያማረ ነገር ነው። ሕጉ ግን ለአንዲት ቴራፒስት ስንት ዶላር እንደሚከፈላት አይቆርጥም። ስለዚህ ድርጅቱ ሳይከለክል መከልከል ይችላል፦ ክፍያውን ዝቅ ያደርጋል፤ ባለሙያው ይሸሻል፤ ዝርዝሩ የሞቱ ስልኮች መዝገብ ይሆናል፤ ደንበኛው ይሰለቻል፤ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። በኩራት «እኔ ከእነሱ ጋር አልሠራም» የሚል ቴራፒስት ሁሉ፣ ሳያውቀው ለድርጅቱ ገንዘብ እየቆጠበ ነው።

«የከፈለበትን ነው ሰው የሚያከብረው» የሚሉም አሉ። ይህችን ከሩቅ ዘመድ ያመጧታል፤ ከፍሮይድ። እውነት ነው፣ ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1913 ስለ ሕክምና አጀማመር በጻፈው ጽሑፍ በነፃ ማከም የበሽተኛውን እንቢተኝነት እንደሚያባብስ ተናግሯል። ይህን ያለው ግን አሥር ዓመት ያህል በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት፣ በነፃ ሲያክም ከቆየ በኋላ ነው። አምስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ፣ በ1918 ቡዳፔስት ላይ በተደረገው ጉባኤ ተነሥቶ፣ የኅብረተሰቡ ሕሊና አንድ ቀን እንደሚነቃና ድኻው ለቀዶ ሕክምና ያለውን መብት ያህል ለአእምሮው ሕክምናም መብት እንዳለው እንደሚታመን ተናገረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1920 በርሊን ላይ፣ በ1922 ቪየና ላይ፣ የሙያ ባልደረቦቹ ለድኻ የሚሆኑ ክሊኒኮች ከፈቱ። የእኛ ሰዎች የ1913ቱን ፍሮይድ ጠቅሰው የ1918ቱን ይረሳሉ። ደግሞስ ኢንሹራንስ ነፃ ነው ያለው ማነው? አክስቴ ከደመወዟ እየተቆረጠ ከፍላለች! በየቀጠሮው ደግሞ ከኪሷ የምታዋጣት ድርሻ አለች።

ሦስተኛዋ መልስ በጣም ጨዋ ናት፤ «አቅም ለሌላቸው ቅናሽ እናደርጋለን» ትላለች። ስንት ቦታ? ሁለት፣ ሦስት። ባዶ አለ? ለጊዜው የለም። ደግሞ ቅናሹን የሚጠይቀው ማነው? አክስቴ ቲማቲም ላይ ትከራከራለች። ጫማ ላይ ትከራከራለች። በልጇ ሐዘን ላይ ግን «ቀንሱልኝ» ብላ አትለምንም፤ ስልኩን ትዘጋለች። ቅናሽን በጠያቂው አፍ ላይ ማንጠልጠል የእኛን ሰው አለማወቅ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ የሚተዳደሩት የእኛን ሰው እናውቃለን በማለት ነው።

«ሱፐርቢል እንሰጣለን»ም ይላሉ። ይህ ደንበኛው መጀመሪያ ከኪሱ ሙሉውን ከፍሎ፣ በኋላ ለኢንሹራንሱ ልኮ ጥቂቱን የሚያስመልስበት ደረሰኝ ነው። ውል ከሌለው ባለሙያ ጋር ለተደረገ ሕክምና የሚከፍል ኢንሹራንስ ያለው ሰው ይጠቀምበታል። ያም ቢሆን በዓመት መጀመሪያ ራሱ መሸፈን ያለበትን መጠን ሳያሟላ ሳንቲም አይመለስለትም። ፎርሙን በእንግሊዝኛ የሚሞላ፣ በፖስታ የሚልክ፣ ሲመለስ የሚከራከር፣ እስከዚያ ድረስ 200 ዶላር በየሳምንቱ የሚያበድር ሰው ቴራፒስት ከማግኘቱ በፊት ጸሐፊ መቅጠር አለበት።

አንዳንዱ አንባቢ «ታዲያ እንግሊዝኛ ተናጋሪዋ ዘንድ በአስተርጓሚ ትሂድ» ይለኝ ይሆናል። ሄደናል። አንድ ቀጠሮ። አክስቴ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አለች። አስተርጓሚዋ በስልኩ ውስጥ ለአፍታ ዝም አለችና ስለ ሆድ ሕመም ተረጎመች። ቴራፒስቷ፣ ደግ ሴት ናት፣ ምግብ እንዴት ነው ብላ ጠየቀች። አክስቴ መለሰች፤ ስለ ምግብ። ሐያ ደቂቃ ስለ ምግብ ተወራ። ስንወጣ «አስተርጓሚዋን በድምፅዋ አውቃታለሁ መሰለኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ነው» አለችኝ። አልተመለሰችም። እንዲህ ባለ ትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ አስተርጓሚው ሦስተኛ ሰው አይደለም፤ ምናልባት የለቅሶሽ ታዳሚ፣ የሠርግሽ ሚዜ ነው። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ሕግ አውጥታ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ አዛለች፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ይህ ሕግ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ይረዳል። ባር ባር ለሚል ሆድ ግን አስተርጓሚ አይበቃም፤ «ሆዴ» ሲባል ልብም፣ አንጀትም፣ ትዝታም መሆኑን ሳይነገረው የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። እነዚያ አምስቱ ያውቃሉ። የሚሸጡትም ይህንኑ እውቀት ነው፤ ማስታወቂያቸው ላይ «በአማርኛ» የሚለው ቃል ከስማቸው አጠገብ የተጻፈው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ጓደኛዬ ተናግራ አፌን አስይዛኛለች፤ ልሸሽገው አልፈልግም። ኢንሹራንስ ምስጢር ያሰፋል። የበሽታው ስም በድርጅቱ መዝገብ ይገባል። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ በባሏ ኢንሹራንስ የምትታከም ሴት ስትሄድ የሕክምናው መግለጫ ደብዳቤ በባለ ኢንሹራንሱ ስም፣ ማለትም በባልየው ስም፣ ቤት ሊመጣ ይችላል። የምትሸሸው ከእሱ ከሆነስ? ደብዳቤው ወደ ሌላ አድራሻ እንዲላክ የመጠየቅ መብት አላት፤ መብቷን የምታውቅ ስንት ናት? ለእንዲህ ያለችው ሴት ከኪስ መክፈል ነፍስ አድን ነው። «ዕብድ» የሚለው ስም ለሰባት ትውልድ የሚተርፍ የሚመስለን ሰዎች ስለሆንን ወረቀት ላይ መጻፉን ብንፈራም አይፈረድብንም። እሺ፤ ይህን ተቀብያለሁ። ግን መምረጥ ያለባት ሴትየዋ ናት። ኢንሹራንስ የማይቀበል ቴራፒስት ምስጢሯን ጠበቀላት ማለት አይቻልም፤ ምርጫውን ወሰደባት እንጂ።

ታዲያ ምን ይደረግ ነው የምትለው? ጓደኛዬን የጠየቅኋት ብዙ አይደለም። ከሳምንቷ ሰዓቶች ግማሹን ከኪስ ለሚከፍሉ ታድርግ፤ ኪራይዋን ትክፈልበት፤ ማንም አይቀየማትም። ግማሹን ግን ለኢንሹራንስ ትክፈት። መጀመሪያ ሜዲኬድ፣ የድኻው ኢንሹራንስ። ቀጥሎ የጋራዥ፣ የሆቴልና የአረጋውያን መጦሪያ ሠራተኛው የያዘውን አንድ ወይም ሁለት ድርጅት። ሜዲኬርም አለ፤ እሷ የያዘችው የካውንስለርነት ፈቃድ ነው፣ እንዲህ ላለው ሜዲኬር መክፈል የጀመረው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት «አይከፍለንም» ቢሉ እውነታቸውን ነበር፤ አሁን ግን ሰበቡ አርጅቷል። ልጆቻቸውን ለማሳደግ መጥተው እዚህ ያረጁ እናቶችና አባቶች በየአፓርታማው ብቻቸውን ቁጭ ብለው ግድግዳ ያያሉ፤ ብዙዎቹ የያዙት ካርድ ይኸው ነው።

ውል መግባቱ ጨርሶ አልሆን ያላት ደግሞ ቢያንስ አንዲት ነገር ታድርግ። ደንበኛው ለኢንሹራንሱ ደውሎ «ከእናንተ ጋር ውል ያለው አማርኛ ተናጋሪ ቴራፒስት ከሌላችሁ፣ ለእኔ ብቻ ከዚህችኛዋ ጋር ተዋዋሉልኝ» ማለት ይችላል። ድርጅቱ እሺ ካለ ደንበኛው የሚከፍለው ውል ላለው ባለሙያ የሚከፍላትን ድርሻ ብቻ ነው። እንቢ ካለም የየግዛቱ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ይቀበላል። ትግል ማለት ይኸ ነው፤ ድርጅቱን ኪሱ ላይ የሚያመው ይኸ ነው። ለዚህ ግን ቴራፒስቷም ስልክ ማንሣት፣ ወረቀት መፈረም፣ በዋጋ መከራከር አለባት። ከአምስቱ አንዷን ይህን ጠየቅኋት። ሐሳቡን ታውቀዋለች። «የወረቀት ሥራ ጊዜ የለኝም ወንድሜ» አለችኝ፤ አሁንም በዚያው በለስላሳ አማርኛዋ።

ጓደኛዬ እስከ አሁን ሁለት ድርጅቶች ዘንድ አመልክታለች፤ አንዱ ማስረጃዋን ገና እየመረመረ ነው። ሦስት ወር ሆኗል። ማስታወቂያዋን ሳይታተም አሳይታኝ ነበር፤ «በአማርኛ» የሚለው በትልቁ ተጽፏል። የሚቀበሉት የኢንሹራንስ ዓይነት የሚጻፍበት መስመር ባዶውን ነው። «እሱን አትጥፊው» አልኳት። አላጠፋችውም።

ለሌሎቹ አምስት፣ እንዲሁም እነሱን ለሚመስሉት፦ የምትሉት ካላችሁ በዚሁ መጽሔት መልሱልኝ። ስታስቡበት ግን አክስቴ የምታርፈው ረቡዕ ረቡዕ መሆኑን አትርሱ፤ ካርዷም ዛሬም ቦርሳዋ ውስጥ ነው።